ቆጣሪው አንድ፣ ቤተሰቡ አምስት

ኧረ ወገን፣ ስለ መብራትና ውሃ ዋጋ ስናወራ ተከራዩን ለምን እንረሳዋለን? ታሪፍ በጨመረ ቁጥር "አነስተኛ ተጠቃሚው አይጎዳም" ይባላል። ባሕር ዳር ውስጥ በግቢ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ግን የሚጠቀመው ትንሽ ሆኖ የሚከፍለው እንደ ብዙ ተጠቃሚ ነው። ምክንያቱም ቆጣሪው የሚያውቀው ግቢውን ብቻ ነው።

ጣና ዳር ተቀምጦ ውሃ ማጣት፣ ጢስ አባይና በለስ ኃይል እያመነጩ በጨለማ ማምሸት ብዙ ተብሎበታል። እሱም ያናድዳል። ዛሬ የማወራው ግን ውሃውም መብራቱም ኖሮ፣ ወሩ አልቆ ቢሉ ሲመጣ ስለሚሆነው ነው።

የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ዝቅተኛው ዋጋ ነው። ከዚያ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300 እያለ ከ500 በላይ ድረስ ይወጣል። ደረጃው ከፍ ሲል የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብራ ትወጣለች። ሐሳቡ ትክክል ነው። ሁለት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ያለው ሰው እንደ ባለ ትልቅ ቪላው መክፈል የለበትም። በታኅሣሥ 2011 ታሪፉ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሲሻሻል እስከ 50 የሚጠቀመው ላይ ጭማሪ ያልተደረገው ለዚህ ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ታሪፍ መጣ። እዚያም ላይ ዝቅተኛ ተጠቃሚው እንደሚደጎም ተነገረን።

አሁን ወደ እኛ ግቢ ኑ። ባለቤቶቹ ከፊት ናቸው። እኛ አራት ተከራዮች ከኋላ ባሉት ሰርቪስ ቤቶች ነን። አምስት ቤተሰብ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ አንድ የውሃ ቆጣሪ። እያንዳንዳችን በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ብንጠቀም ሁላችንም ከ50 በታች ነን። ሁላችንም "ይደጎማሉ" የተባልነው ሰዎች ነን ማለት ነው። ቆጣሪው ላይ የሚታየው ግን 225 ነው። በወረቀት ላይ ያለን እንደ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ነው።

በዚህ አያበቃም። በአዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ፣ በቁጥር 1341/2016፣ መብራትና ውሃም ቫት ውስጥ ገብተዋል። ድሃው እንዳይነካ ተብሎ ለመኖሪያ ቤት በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት መብራትና እስከ 15 ሜትር ኩብ ውሃ ነፃ ተደረገ። ጥሩ። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲሆን ግን 200 ምን ያህል ይቆያል? ውሃውንም አስሉት። አንድ ቤተሰብ 4 ሜትር ኩብ ቢጠቀም በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 200 ጀሪካን ነው። ለቀን ስድስት፣ ሰባት ጀሪካን ይደርሳል። ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለልጅ ገላ። ይህ ቅንጦት ነው የሚል ካለ ይምጣና በመጋቢት ሙቀት አንድ ወር ይኑርበት። አምስታችን ስንደመር 20 ሜትር ኩብ እንሆናለን። ከነፃው አልፈናል። ብቻውን ቆጣሪ ቢኖረው ሳንቲም ቫት የማይነካው ሰው ቫት ይከፍላል።

ከሁሉ የሚያመኝ ደግሞ ይህ ነገር በመካከላችን የሚያመጣው ጸብ ነው። ቢሉ የመጣ ቀን ግቢው ሰላም የለውም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰራ አራት ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነሳው ማን ጋገረ የሚለው ነው። "እሷ በሳምንት ሁለቴ ትጋግራለች"፣ "እነሱ ፍሪጅ አላቸው"፣ "ያ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አያጠፋም።" በሰው ቁጥር እናካፍል የሚል አለ፣ በቤት ቁጥር የሚል አለ። በሰው ቁጥር ከሆነ ሕፃን ያላት እናት ትጎዳለች። በቤት ከሆነ ብቻዋን የምትኖረው የፋብሪካ ሠራተኛ የሌላውን ትከፍላለች። ቡና አብረው የሚጠጡ ሰዎች በሃምሳና በመቶ ብር ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ያቺ የፋብሪካ ሠራተኛ ከእኛ ግቢ የወጣችው በዚህ ምክንያት ነው። የሄደችው ድብ አንበሳ ሰፈር ነው፣ እዚያም ቆጣሪው የጋራ ነው።

አከራያችንን አልወቅስም። "ጋሼ፣ እስቲ ቢሉን ልየው" አልኳቸው። አውጥተው ሰጡኝ። "ልጄ፣ እኔም እኮ የተባልኩትን ነው የምከፍለው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሁሉም አከራይ ግን እንደ ጋሼ አይደለም። ቢሉን ሳያሳይ በአምፖል ይህን ያህል፣ በምጣድ ይህን ያህል ብሎ የሚቆርጥ ሞልቷል። መብራት ለሳምንት ጠፍቶም ያው ነው። ተከራዩ ምን ብሎ ይጠይቅ? የመብራቱም የውሃውም ውል በስሙ አይደለም። እኔ ራሴ ለመጠየቅ ቢሮ ሄጄ የተሰጠኝ መልስ "ደንበኛው አንቺ አይደለሽም" የሚል ነበር። ገንዘቡን የማወጣው እኔ ነኝ። ስለ ገንዘቤ የመጠየቅ መብት ግን የለኝም ማለት ነው?

ስለ ንባቡም ልናገር። ቆጣሪ አንባቢ አንዳንድ ወር አይመጣም። ያኔ በግምት ይሞላል። ግምቱ ካነሰ የቀረው ይጠራቀምና አንድ ቀን ሲነበብ ባንዴ ይወርዳል። የሁለት ሦስት ወር ፍጆታ የአንድ ወር መስሎ ሲሰላ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል። ጥፋቱ የአንባቢው መቅረት ነው፣ ከፋዩ ግን እኛ ነን። ንባቡ የተጠራቀመ ከሆነ በየወሩ ተከፋፍሎ መሰላት አለበት። ይህን ለመጠየቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ ቢሉ ላይ ያሉትን የበፊትና የአሁን ንባቦች ማየት ብቻ ነው። ውሃው ላይ ደግሞ አየር አለ። ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው መጀመሪያ የሚተፋው አየር ነው፣ ቆጣሪው በአየሩም ይዞራል። ሽምብጥ ሰፈር ያለች ጓደኛዬ ቧንቧዋን ከፍታ ቆጣሪው ሲዞር ቪዲዮ ቀርጻ አሳየችኝ። ጀሪካኑ ውስጥ ጠብታ አልነበረም።

ታሪፍ ለምን ጨመረ አላልኩም። ሽቦውም ትራንስፎርመሩም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ብዙ ነው፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። የከተማ ውሃ ወጪውን እንዲሸፍን የሚለውም ከ1991ዱ የውሃ ፖሊሲ ጀምሮ የነበረ ነው። ይሁን። ግን ለድሃው የተመደበው ድጎማ ለድሃው ይድረስ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ንጹሕ ውሃን ከጤናና ከትምህርት እኩል ነው የጠራው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ 813/2006፣ ሸማች በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል። ተከራይ ሸማች አይደለም የሚል አላነበብኩም።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ቆጣሪ ለእያንዳንዱ ቤት ማዳረስ ጊዜ እንደሚወስድ ይገባኛል። እስከዚያ ግን ቀበሌው በግቢው ስንት ቤተሰብ እንዳለ ያውቃል፣ መታወቂያ የሚሰጠው እሱ ነው። ያ ቁጥር ቢሉ ላይ ይግባ። አምስት ቤተሰብ ከሆነ የ50ው ደረጃ አምስት ጊዜ ይቆጠር፣ የቫቱ ነፃ መጠንም እንደዚያው። ተከራይ የኪራይ ውሉን ይዞ ሲመጣ ቅሬታው ይመዝገብ። አከራይም ቢሉን ለተከራዩ የማሳየት ግዴታ ይኑርበት፣ በኪራይ ውሉ ላይም ይጻፍ።

እኛ ደግሞ እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። በየወሩ መጨረሻ የሁለቱንም ቆጣሪ ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑ እንዲታይ። ቢሉ ሲመጣ አስተያዩት። ካልገጠመ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ኮፒው ላይ ማመልከቻው መግባቱን የሚያሳይ የገቢ ማኅተም ሳታስደርጉ እንዳትወጡ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ማስረጃ የለውም።

እኔ ለከተማው የውሃ ቦርድና ለመብራቱ ዲስትሪክት የሚገባ ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ነው። ባሕር ዳር በጋራ ቆጣሪ የምትኖሩ፣ የግቢያችሁን የቤተሰብ ብዛትና ያለፈውን ወር ቢል ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስማችሁን ሸፍናችሁት። አከራዮችም ብትሆኑ ላኩ፣ ቢሉ እናንተም ላይ ነው የሚመጣው።