384፦ የዶክትሬት ጥናቶቻችን የማይነኩት ቁጥር

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በኢኮኖሚክስ፣ በግብርና ኢኮኖሚክስ፣ በልማት ጥናትና በመሳሰሉት የትምህርት ክፍሎች የሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎችን የአሠራር ዘዴ ምዕራፍ የገለጠ አንባቢ 384 ከሚለው የናሙና ብዛት ጋር ደጋግሞ ይገናኛል። አንዳንዴ ሳይመለሱ ለሚቀሩ መጠይቆች ማካካሻ ተብሎ 10 በመቶ ይጨመርበትና 422 ይሆናል፤ ያማኔ የተባለውን ሌላ የናሙና መወሰኛ ቀመር የመረጠ ተማሪ ደግሞ ከ400 በታች ባለ ቅርብ ቁጥር ላይ ያርፋል፤ ምክንያቱም ቀመሩ በተለመደው 5 በመቶ የስህተት ወሰን የሕዝቡ ብዛት የቱንም ያህል ቢሆን ከ400 አያሳልፍም። የጥናቱ ርዕስ የማዳበሪያ አጠቃቀምም ይሁን የሴቶች የብድር ተደራሽነት፣ ወረዳው ቆላም ይሁን ደጋ፣ ናሙናው ከዚህ ብዙም አይርቅም። በማስተርስ ደረጃ ይህን በቸልታ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ በሦስተኛ ዲግሪ ግን ሥልጠናችን የት ላይ እንደሳሳ የሚያሳብቅ ምልክት ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። የ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወክለው 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በ0.25 (ሕዝቡ እኩል ለእኩል ቢከፈል፣ ማለትም 0.5 በ0.5) ተባዝቶ፣ 5 በመቶ የስህተት ወሰን በራሱ ሲባዛ ለሚሰጠው 0.0025 ሲካፈል 384.16 ይገኛል። (በደንቡ መሠረት ወደ ላይ ቢጠጋጋ 385 መሆን ነበረበት፤ ይህን ያስተዋለ ግን ጥቂት ነው።) ቀመሩ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ከአንድ ሰፊ ሕዝብ መካከል ሰዎች በተራ ዕጣ አንድ በአንድ ቢመረጡ፣ አንድ ነገር ያላቸውን ሰዎች ድርሻ በ5 ነጥብ ወሰን ውስጥ ለመገመት ስንት ሰው ያስፈልጋል? አዲስ ዘር የተጠቀሙ ገበሬዎች ካልተጠቀሙት ምን ያህል የበለጠ ያመርታሉ የሚለውን ጥያቄ ቀመሩ አያውቀውም። የዶክትሬት ተማሪዎቻችን የሚጠይቁት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ነው።

ከዚህ የባሰው አመራረጡ ነው። የተለመደው አካሄድ አንድ ወረዳ መምረጥ፣ ከውስጡ አራት ቀበሌዎችን መለየት፣ ከዚያም 384ቱን መጠይቆች ለአራቱ ማከፋፈል ነው። በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ቤተሰቦች ዝናቡን፣ ገበያውን፣ መንገዱንና የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ሳይቀር ስለሚጋሩ መልሶቻቸው ይመሳሰላሉ። ከ0 (ምንም ካለመመሳሰል) እስከ 1 (ፍጹም እስከመመሳሰል) በሚለካው ሚዛን የመመሳሰሉ መጠን 0.1 ነው ብንል፣ በየቀበሌው 96 ቤተሰብ የጠየቀ ተማሪ የግምቱ ልዩነት (ቫሪያንስ) በተራ ዕጣ ቢመርጥ ከሚሆነው ከ10 እጥፍ በላይ ይሰፋበታል፤ ስለዚህ 384ቱ መጠይቆች የሚሰጡት መረጃ 37 ያህል ሰዎችን በተራ ዕጣ መርጦ ከመጠየቅ አይበልጥም። ያው 384 መጠይቅ በ32 የቆጠራ ቦታዎች (ለሕዝብ ቆጠራ በተከለሉ ትንንሽ አካባቢዎች)፣ በእያንዳንዱ 12 ቤተሰብ እየተደረገ ቢሰራጭ ግን መረጃው 183 ያህል ሰው በዕጣ የመጠየቅን ያህል ይመዝናል። መጠይቁ ሳይጨመር የመረጃው ክብደት አምስት እጥፍ ያህል ያድጋል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይደረግም? ጥፋቱን በተማሪው ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከ32 ቦታ መድረስ መኪና፣ ነዳጅና ለመረጃ ሰብሳቢዎች አበል ይጠይቃል፤ ተማሪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡን በመምህርነት ደመወዝ የሚያስተዳድር ሰው ነው። በተጨማሪም ፕሮፖዛሉን የሚገመግሙት መምህራን ናሙናው እንዴት ተወሰነ ብለው ሲጠይቁ የቀመሩ ስም ከነዓመተ ምሕረቱ ከተጠራላቸው ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋሉ። በሌላ መንገድ የመጣ ተማሪ ረጅም ማብራሪያ ይጠበቅበታል፤ 384 ይዞ የመጣው ግን የሚጠይቀው የለም። ሰው ደግሞ የማይጠየቅበትን መንገድ ይመርጣል።

የናሙና ማዕቀፉም፣ ማለትም ዕጣው የሚወጣበት የስም ዝርዝር፣ ሌላ ጣጣ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ተማሪው የቀበሌ ጽሕፈት ቤቱን መዝገብ ይለምናል። መዝገቡ የመሬት ግብር ከፋዮች ዝርዝር ከሆነ፣ አግብቶ በአባቱ ይዞታ ጥግ ጎጆ የቀለሰ መሬት አልባ ወጣት በውስጡ የለም፤ ጥናቱ ግን «የወረዳው ቤተሰቦች» እያለ ይደመድማል።

የተመረጠው ቤተሰብ በር ላይ ከተደረሰ በኋላስ? «ባለፉት ሰባት ቀናት ቤተሰቡ ምን ያህል ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ተመገበ?» የሚለው ጥያቄ ለአንዲት የጎጃም እናት በዐቢይ ጾም ሲቀርብ መልሱ «ኧረ ጾም ነው!» ነው። መረጃ ሰብሳቢው ዜሮ ይጽፋል። ያው ቤት ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ቢጠየቅ ሌላ ቤት ይመስላል። ግማሹ መጠይቅ በ55ቱ ቀን ውስጥ፣ ግማሹ ከዚያ በኋላ ተሞልቶ ከሆነና ቀኑ በዳታው ውስጥ ካልተመዘገበ፣ ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ የሚወጣው የድህነት ልዩነት የቀን መቁጠሪያው ልዩነት ሊሆን ይችላል። መሬትም እንዲሁ ነው፤ ገበሬው በጥማድ ይናገራል፣ ተማሪው በሩብ ሄክታር ያባዛል። ጥማድ በአንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚታረስ መሬት ነውና በተዳፋትና በሜዳ፣ በዋልካና በቀላል አፈር አንድ ሊሆን አይችልም። በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የገበሬውን ግምት ከጂፒኤስ ልኬት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ትንንሽ ማሳዎች ከልካቸው በላይ፣ ሰፋፊዎቹ ከልካቸው በታች የመገመት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይተዋል። ምርት በሄክታር የሚሰላው ይህን ግምት አካፋይ አድርጎ በመሆኑ ስህተቱ በቀጥታ ወደ ውጤቱ ይገባል።

የተሻለ መሥራት እንደሚቻል ከገዛ ታሪካችን እናውቃለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች አጋሮች ጋር በ1994 እ.ኤ.አ. በ15 የገጠር መንደሮች 1,477 ያህል ቤተሰቦችን ይዞ የጀመረው ክትትል እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደነዚያው ቤቶች ደጋግሞ ተመልሷል፤ ከመንደሮቹ መካከል ይትመን፣ ድንቂና እምድብር በዓለም የምጣኔ ሀብት መጽሔቶች የታወቁት በዚህ ነው። በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱና በዓለም ባንክ ትብብር በ2011/12 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናትም በመጀመሪያው ዙር 333 የቆጠራ ቦታዎችን የሸፈነ ሲሆን፣ ዳታው ከባንኩ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል።

«እንግዲያው ሁሉም ይህን አውርዶ ይሥራ» የሚል ወገን አለ፤ ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ለዋናው ጥያቄ የወረደው ዳታ ከ384ቱ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ከወንበሩ ሳይነሣ ዶክተር የሆነ ሰው ከላይ ያልኳትን የጾም ዜሮ በምን ያውቃታል? ሎጂትና ፕሮፔንሲቲ ስኮር ማቺንግ የሚባሉት የስታቲስቲክስ ትንተና ዘዴዎች በኮርስ ይሰጣሉ፤ ቁጥሩ ቤት ውስጥ እንዴት እንደተወለደ የሚያስተምር ኮርስ ግን እምብዛም አላየሁም። ተማሪው ያለችውን ጥቂት ገንዘብ በአንድ ጠባብ የልኬት ጥያቄ ላይ ቢያውላት፣ ለምሳሌ 60 ማሳዎችን በጥማድም በጂፒኤስም ቢለካ፣ ከዚያም ያገኘውን በትልቁ ዳታ ላይ ቢሠራበት፣ ሁለቱንም ያገኛል። ትምህርት ክፍሎች እንዲህ ያለውን ሥራ እንደ አንድ ሙሉ የመመረቂያ ምዕራፍ ሊቀበሉት ይገባል።

በአንድ ትምህርት ክፍል ተመሳሳይ ዓመት የገቡ አምስት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 384 መጠይቅ ለየብቻ ከሚበትኑ በጋራ 1,920 መጠይቅ በ160 የቆጠራ ቦታዎች ሊያሰራጩ፣ በአንድ ጉዞ የአምስቱንም ጥያቄ ሊጠይቁ ይችላሉ። እንደማየው ከገንዘቡ እኩል የሚያስቸግረው አማካሪዎችን ማስማማቱ ነው፤ ዳታው የማን ይሆናል፣ ጽሑፉ ላይ የማን ስም ይቀድማል የሚለው ገና ፕሮፖዛል ሳይቀርብ ያጣላል። ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቶች የጋራ ዳታ ባለቤትነትን የሚወስን አጭር መመሪያ ቢያወጡና የተሰበሰበው ዳታ ከነመጠይቁ ለዩኒቨርሲቲው እስካልገባ ድረስ የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ቀን አይቆረጥም ቢሉ፣ ዛሬ በተመራቂው ፍላሽ ውስጥ ተረስቶ የሚቀረውን መረጃ ቀጣዩ ተማሪ ሊሠራበት ይችላል።