ማህፀን ከወጣ በኋላ ስለሚታየው የክብደት ለውጥ

በዚህ ጉዳይ ላይ ያነበብኩት ጽሑፍ ማህፀናቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሴቶች ክብደት የሚጨምረው በአመጋገብ ምክንያት ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማቅረቡ ጉዳዩን ያጠበበው ይመስለኛል። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሁለቱም እንቁልጢዎች (የሴት እንቁላል የሚያመነጩት አካላት) አብረው ወጥተዋል ወይ የሚለው ነው፤ ከወጡ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በድንገት ስለሚያሽቆለቁል ሴትየዋ ገና 40 ዓመቷ ቢሆን እንኳ ወዲያውኑ ታርጣለች፤ ስብም ከዳሌና ከጭን ይልቅ ሆድ ላይ መከማቸት ይቀናዋል። እንቁልጢዎቹ ሳይወጡ ከቀሩ ግን፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት በሚከለከልባቸው 6 ሳምንታት ገደማ የእንቅስቃሴ መቀነስና ቤተሰብ በአጥሚትና በገንፎ የሚያደርገው እንክብካቤ (እሱን አልነቅፍም) የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያለ ምክንያት መክሳት ነው፤ የቀዶ ሕክምናው ጣጣ ነው ብሎ ከማለፍ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) እና የስኳር ምርመራ ማድረግ፣ ማህፀኑ የወጣው በካንሰር ምክንያት ከነበረም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።