ከባሕሩ ዳር የቆሙ ሰዎች

ሲያትልና አካባቢው የምትኖሩ ሐበሾች ይህን ሳታዩ አትቀሩም። ሰውዬው መኪናውን ጥግ አቁሞ፣ ባይኖኩላሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ብርድ ሳይል ንፋስ ሳይል ባሕሩ ላይ አፍጥጧል። ምን እንደሚያይ ብትጠይቁት "የጄ ቤተሰብ ወደዚህ እየመጣ ነው" ይላችኋል።

የሚጠብቀው ኦርካዎችን ነው። ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ከዶልፊን ወገን በአካል የሚስተካከላቸው የለም። በዋሽንግተን ስቴትና በካናዳ መካከል ባለው ባሕር የሚመላለሱት፣ ዓሣ ብቻ የሚበሉት፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል የተባሉ ሦስት ቤተሰቦች ናቸው። ሦስቱ ተደምረው 80 አይሞሉም። እያንዳንዳቸው ቁጥርም ስምም አላቸው። ማን ማንን እንደወለደች፣ አያትየዋ ማን እንደነበረች ይታወቃል። ወንዱ ጎልምሶም ቢሆን ከእናቱ አይለይም።

ከጀርባ ክንፋቸው ኋላ ግራጫ ምልክት አለ፤ የአንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ይህን በፎቶ እያነጻጸሩ አንድ በአንድ መለየት የጀመረው ማይክል ቢግ የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ ነው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ ኬን ባልኮምብ ሳን ኹዋን ደሴት ላይ ሆኖ በየዓመቱ ሲቆጥራቸው ኖረ። ባልኮምብ በ2022 አረፈ፤ ቆጠራው ግን አልተቋረጠም።

እኔን የሚገርመኝ ተመራማሪው አይደለም፣ ተራው ሰው ነው። ጡረተኛዋ፣ ተማሪው፣ የጀልባ ሠራተኛው። የለመዱት መጀመሪያ ባይኖኩላር አያነሱም። ውሃውን በባዶ ዓይን ከዳር እስከ ዳር ይቃኙታል። ወፎች አንድ ቦታ ከተንጋጉ ከሥር ዓሣ አለ፤ ዓሣ ካለ ደግሞ የሚበላው ሩቅ አይሆንም። ውሃው ጸጥ ባለ ቀን ትንፋሻቸው ከሩቅ ይታያል፣ ነጭ ጉም ብድግ ይልና ይበተናል። ትንሽ ጥቁር ጀርባ ተንከባሎ ወዲያው ከጠፋ ፖርፖይዝ የሚሉት ትንሹ የዶልፊን ዘመድ ነው። ክንፉ ቀጥ ብሎ የሰው ቁመት ያህል ከወጣ ወንድ ኦርካ ነው። በጸደይ ወራት ግራጫው ዓሣ ነባሪም ወደ አርክቲክ ሲያቀና መንገዱን ትቶ ዊድቢ ደሴት አካባቢ ጎራ ይላል፤ ጭቃው ውስጥ ያለውን ሽሪምፕ ሊበላ ነው የሚመጣው፣ እሱ ደግሞ የጀርባ ክንፍ የለውም። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ከባሕሩ ዳር የቆሙ፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ያዩትን ደግሞ ለራሳቸው አያስቀሩትም። የት እንዳዩ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ወደየት እንደሚሄዱ ወዲያው ያሳውቃሉ። መረጃው ተጣርቶ ለትልልቅ መርከቦችና ለፌሪዎች ይደርሳል፣ ካፒቴኑም ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም አቅጣጫውን ይቀይራል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ በዋሽንግተን ውሃ ላይ ማንኛውም ጀልባ ለእነዚህ ሦስት ቤተሰቦች ከ1,000 ያርድ ባነሰ ርቀት መቅረብ ተከልክሏል። ስለዚህ ከመሬት ሆኖ ማየት ተመራጩ መንገድ ሆኗል።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በነሐሴ 1970 ዊድቢ ደሴት ፔን ኮቭ ላይ አዳኞች ኦርካዎቹን በአውሮፕላንና በፈንጂ ጭምር አባረሯቸው፣ ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው በመረብ ለይተው ለትርኢት ሸጧቸው። ከተሸጡት አንዷ ቶኪታይ ከ50 ዓመት በላይ ገንዳ ውስጥ ኖራ በነሐሴ 2023 ማያሚ ሞተች። ይህ ንግድ በዋሽንግተን የቆመው ደግሞ ሰው ስላየ ነው። በ1976 ኦሎምፒያ አጠገብ አዳኞቹ ሲያሳድዷቸው ራልፍ ሙንሮ የተባለ የአገረ ገዥው ረዳት በአጋጣሚ ጀልባ ላይ ነበረ። አይቶ ዝም አላለም። ስቴቱ ፍርድ ቤት ሄደ፣ አደኑም በዚያው ቀረ።

በ2018 ታሌኳ የተባለችው እናት ኦርካ ወለደችና ልጇ ብዙም ሳትቆይ ሞተችባት። እናትየዋ ሬሳውን በግንባሯ እየገፋች 17 ቀን ተሸክማ ዞረች። ሥራ ቦታ ሰው ጠዋት ሲገናኝ "እስካሁን ይዛታለች?" ይባባል ነበር። እውነተኛ ሐዘን ነበር፣ ጎረቤት የሞተ ያህል። በእርግጥ ማዘን ብቻ አያጠግባቸውም፤ ዋና ምግባቸው የሆነው ቺኑክ ሳልመን ተመናምኗል፣ የሳልመኑን መንገድ የሚዘጋው ግድቡም የመርከብ ጫጫታውም አለ። ግን ስለ ግድብ የሚከራከር ሕዝብ የተገኘው መጀመሪያ በስም ስላወቃቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ አገር ቤት ልምጣ። ባሕር የለንም፣ ዓሣ ነባሪም የለንም። ቀይ ቀበሮ ግን አለን፤ ከኢትዮጵያ ሌላ በየትም አገር የለም። በሕይወት ያሉት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው ያለው። በ2003 ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ብዙዎቹን ፈጀ። ያኔ ጠዋት ሲገናኝ "ስንት ተረፉ?" ብሎ የሚጠይቅ ከተሜ ነበር? አልሰማሁም። አንዲት ግልገል 17 ቀን የተለቀሰላት አገር ውስጥ ሆኜ ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

የሚያይ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ባሌ ላይ ከአካባቢው የተመለመሉ ሰዎች በፈረስ እየዞሩ ቀበሮዎቹን ቡድን በቡድን ይከታተላሉ፣ ውሾችም ይከተባሉ። እረኛው ጉድጓዱ የት እንዳለ ያውቃል። መንዝ ጓሳ ደግሞ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ሳርና መሬቱን ቄሮ በሚባል የአካባቢው ሥርዓት ጠብቆ ኖሯል። ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጉታል፣ ጎልማሳው በተራ ይጠብቃል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ጓሳ የሚባለው ሳር ይታጨዳል። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ ማኅበረሰቡ ግን በኋላ እንደገና ተደራጅቶ ዛሬም ይጠብቃል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ ያለው በዚህ ነው። የጎደለው በእረኛውና በቀረነው መካከል ያለው መንገድ ነው። እሱ የሚያየው እኛ ጋ አይደርስም፣ እኛም አንጠይቀውም።

እዚህ የሚያድጉ ልጆቻችን የጄን ቤተሰብ ከትምህርት ቤት ይዘው ይመጣሉ፤ የቀይ ቀበሮን መልክ ግን ብዙዎቹ አያውቁትም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ለእረፍት የምትሄዱ፣ ከዘመድ ጥየቃው ላይ ሁለት ቀን ቀንሱና ጓሳ ይዛችኋቸው ውጡ። ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ማረፊያ አለ። ጠባቂዎቹን ዘንድሮ ስንት ቡችላ እንደተወለደ ጠይቋቸው፣ መልሱንም ስትመለሱ ለሌላው ንገሩ።