ሞረድ አያያዙን ማን ያሳየዋል?

ወደ ጀርመን ለአውስቢልዱንግ (ድርጅት ውስጥ እየሠሩ፣ ትምህርት ቤትም እየገቡ ለሚማሩት የሙያ ሥልጠና) ሊመጣ የተነሣ ልጅ፣ ወይም ወላጁ፣ ከሀገር ቤት ሲደውል የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፤ «የትኛው ይከፍላል?» ቀጥሎ «ሜካትሮኒክስ አይሻልም?» ይመጣል፤ ስሙ ወደ ኢንጂነርነት ስለሚጠጋ። «እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሞረድ አያያዙን ማን ነው የሚያሳየው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። የሚያንገበግበው ይሄ ነው። ሦስት ዓመት ተኩል የሚፈጀው ሥልጠና የሚበጀውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነውና።

ክፍያውን ቶሎ እንጨርሰው። እ.ኤ.አ. በ2025 ለጀመረ ተለማማጅ ሕጉ ያወጣው ዝቅተኛ ክፍያ በመጀመሪያው ዓመት በወር 682 ዩሮ ነው፤ በሁለተኛው 805፣ በሦስተኛው 921፣ በአራተኛው 955 ይሆናል። የሠራተኛ ማኅበር ስምምነት ያለበት ትልቅ የብረታ ብረት ፋብሪካ ገና በመጀመሪያው ዓመት ከ1,000 በላይ ይከፍላል። ከሁሉም ላይ የጤና መድንና ጡረታ ይቆረጣል። ሙኒክ ወይም ፍራንክፈርት ክፍል ለሚከራይ ልጅ ትልቁ ክፍያ ለአከራይ ነው የሚሄደው፤ ትንሽ ከተማ ላይ ባነሰ ገንዘብ የሚያድረው ከእሱ ሊሻል ይችላል። በዚህ ብቻ መምረጥ በሬን በቀንዱ ርዝመት እንደመግዛት ነው።

ሙያዎቹን በስማቸው ሳይሆን በቀን ውሏቸው መለየት ይሻላል። የኢንዱስትሪ መካኒክ ማሽን ሲቆም የሚጠራው ሰው ነው፤ ኩሺኔታ ይቀይራል፣ ፓምፕ ይፈታል፣ የተሰበረውን ክፍል ራሱ በቶርኖ ያወጣል። የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ሞተርና የመቆጣጠሪያ ሳጥን ላይ ይውላል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸመድደው አምስት ነገር ነው፦ መስመሩን አጥፋ፣ ማንም መልሶ እንዳያበራው ቆልፍ፣ ኃይል አለመኖሩን በመሣሪያ አረጋግጥ፣ ከመሬት አያይዝ፣ በአጠገብ ያለውን ኃይል ያለበት ክፍል ሸፍን። ሜካትሮኒክስ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሙያ ሲሆን ከሁለቱም ይቀዳል፤ ሴንሰር፣ የአየር ግፊት ሲሊንደር፣ ፒኤልሲ (ማሽን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር) ይጨመርበታል። ሦስቱም ሦስት ዓመት ተኩል ናቸው። ሜካትሮኒክስ ሰፊ ነው እንጂ ከሌሎቹ በላይ አይደለም፤ ፋብሪካው ሁለቱንም ወገን የሚያስተምር ሰው ከሌለው ደግሞ ልጁ ብረቱንም ኤሌክትሪኩንም በግማሽ ይዞ ይወጣል። ቋንቋው ገና ላልጠነከረ የሁለት ዓመቱ የማሽን ኦፕሬተር ሥልጠና አለ፤ ከዚያ ወደ ረጅሙ መቀጠል ይቻላል። የሀገሬ ሰው ይህን መግቢያ የሚንቀው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ደህና ፋብሪካ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታወቃል። በጀርመን የብረት ሙያ የቆየ ልማድ አለ፤ አዲስ ተለማማጅ ዩ ቅርጽ ያለው የብረት ቁራጭ ይሰጠውና በእጁ ይሞርዳል። ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ። ብረቱን ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ ከክርን ቁመት ላይ ይሆናል፤ ከፍ ካለ ትከሻ ይደክማል፣ ዝቅ ካለ ወገብ ይጎብጣል። ሞረድ የሚበላው ሲገፋ ብቻ ነው፤ ሲመለስ ቀለል ካላሉት ጥርሱ ይሞታል። ብናኝ እንዳይሰነቀርበት ጠመኔ ይቀባል። ጀማሪ ሁሉ የሚስተው አንድ ቦታ ነው፦ ሞረዱ ወደፊት በሄደ ቁጥር ጫናውን ከግራ እጅ ወደ ቀኝ እጅ ማሸጋገር ሲገባው በሁለቱም እኩል ይጫናል። ያኔ ሞረዱ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል፤ ዳር ዳሩ ይበላና መሐሉ ሆድ ያወጣል። ይህ ሆድ እንዲሁ ሲያዩት አይታይም። ማይስተሩ፣ ማለትም አሰልጣኙ ባለሙያ፣ ጠርዙ እንደ ቢላ የቀጠነ የማዕዘን መለኪያ ብረቱ ላይ ያስቀምጥና ወደ መስኮቱ ያነሣዋል፤ በግራና በቀኝ ብርሃን ሾልኮ ሲገባ ተለማማጁ ራሱ ያየዋል። ከዚያ አቅጣጫ መቀየር ነው፤ አንዴ በዚህ ሰያፍ፣ አንዴ በዚያኛው። አዲሱ ጭረት መጀመሪያ የሚያርፈው ከፍ ባለው ቦታ ላይ ስለሆነ የቱ ጋ መሞረድ እንዳለበት ብረቱ ይነግረዋል። ልጁ ከዚህ ሲወጣ የ0.1 ሚሊ ሜትር ስሕተት ምን እንደሚመስል ጣቱ ያውቀዋል፤ በኋላ በኮምፒውተር የሚሠራ ማሽን ላይ ቁጥር ሲያስገባ ቁጥሩ ብረት ላይ ምን እንደሚያደርግ ይገባዋል።

ሀገር ቤት እጅ የለም ማለት አይደለም። የሜርካቶ በያጅ ከቁርጥራጭ የሚያወጣውን የጀርመን ተለማማጅ አያወጣውም። የጎደለው «ለምን» የሚለውን የሚነግረው ሰው ነው። ኩሺኔታን እንይ። ዘንግ ላይ ጠብቆ የሚገባ ኩሺኔታ መመታት ያለበት በውስጠኛው ቀለበት ብቻ ነው። በውጪው ከተመታ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል አልፎ መሮጫው ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ይተዋል። የዚያን ቀን ደህና ይዞራል፤ ሰንብቶ መጮህ ይጀምራል። ባለመኪናው «ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ ሶማሌ ተራ ያለውን ሱቅ ይወቅሳል፣ ሌላ ይገዛል፣ ያም እንደፊተኛው በመዶሻ ይገባል። እዚህ ጀርመን ተለማማጁ ኩሺኔታውን በማሞቂያ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ ብረቱ ጥንካሬውን እንዳያጣ ከ120 አያሳልፈውም፤ በጓንት ይዞ ዘንጉ ላይ ያሳርፈዋል። ማሞቂያ ለሌለው በውስጠኛው ቀለበት ልክ የተቆረጠ ቱቦ ይበቃል፤ እንዲህ ያለ ቱቦ ምናለሽ ተራ ሞልቷል። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ማብራሪያ ነው። የጋራዥ ልጅ ግን «ረዳት» ነው፤ ካቻቪቴ ያቀብላል፣ ቡሎን በቤንዚን ያጥባል፣ ሻይ ያመጣል፤ ካየ አየ፣ ካላየም አለፈው።

ቴክኒክና ሙያ የገባው ልጅ ችግር ሌላ ነው። የትብብር ሥልጠናችን ወረቀት ላይ ከጀርመኑ ጋር ይመሳሰላል፤ ተማሪው ጊዜውን ለኮሌጁና ለድርጅቱ ያካፍላል። ድርጅቱ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ «ይህ ልጅ የእኔ ነው» የሚል ሰው የለም። ጀርመን ውስጥ ተለማማጅ የሚቀበል ድርጅት የአሰልጣኝነት ፈተና ያለፈ ሰው ሊኖረው ይገባል፤ ከውሉ ጋር መቼ ምን እንደሚማር የሚያሳይ ዕቅድ ይያያዛል፤ ልጁ የሠራውን በመዝገብ ይጽፋል፣ አሰልጣኙ ይፈርማል። መዝገቡ ካልቀረበ የመጨረሻ ፈተና ላይ አይቀመጥም። ፋብሪካ መጥረግ ብቻ ያሠራው ድርጅት መዝገቡ ላይ ይጋለጣል። እኔን የሚያስቀናኝ ከማሽኖቻቸው ሁሉ ይልቅ ይህ መዝገብ ነው።

ትልቅ ፋብሪካ ወይስ ትንሽ ወርክሾፕ? ትልቁ የራሱ የሥልጠና ክፍል አለው፤ ልጁ ወራት እዚያ ቆይቶ በየክፍሉ ይዘዋወራል። አምስት ሰው ያለበት የኤሌክትሪክ ወይም የቧንቧ ድርጅት ከመጀመሪያው ሳምንት ደንበኛ ቤት ይወስደዋል፤ ሥራውን ከጥግ እስከ ጥግ ያያል፣ ጀርመንኛውም ቶሎ ይፈታል። አደጋው ሦስት ዓመት ግድግዳ ሲሰረስርና ዕቃ ሲሸከም መክረሙ ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት አንድ ሳምንት የሙከራ ሥራ መጠየቅና የሁለተኛ ዓመቱን ተለማማጅ በሻይ ሰዓት ማናገር ያስፈልጋል፦ ባለፈው ወር ምን ሠራህ? መዝገብህ በየሳምንቱ ይፈረማል? ከአንተ በፊት የጨረሱት እዚሁ ተቀጠሩ? የማይመልስልህ ከሆነ ያም መልስ ነው።

ውሉ ላይ የሙከራ ጊዜው ከአንድ ወር አያንስም፣ ከአራት ወር አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ያለ ከባድ ምክንያት ማሰናበት አይችልም፤ ተለማማጁ ግን ሙያ መቀየር ከፈለገ በጽሑፍ አሳውቆ በአራት ሳምንት መውጣት ይችላል። ለሥልጠናና ለፈተና የሚያስፈልገውን መሣሪያ ድርጅቱ በነፃ ያቀርባል፤ ለሥልጠናው ከተለማማጁ ገንዘብ የሚያስከፍል ውልም በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። አዲስ አበባ ላይ «የፋብሪካው ክፍያ ነው» እያለ የሚቀበል ደላላ ካለ ፋብሪካው አያውቀውም።

የእኛ ልጆች የሚወድቁት በእጃቸው አይደለም። ለቪዛ ብዙውን ጊዜ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ጀርመንኛ ይበቃል፤ የሙያ ትምህርት ቤቱ ጥያቄ ግን ቢ1 አያውቅም። በእነዚህ ሙያዎች የፈተናው የመጀመሪያ ክፍል ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ ይመጣል፤ ከጠቅላላው ውጤት 40 በመቶውን ይይዛል። ስሌቱን የሚችል ልጅ የጥያቄውን ዐረፍተ ነገር ስቶ ነጥቡን ያጣል። የመጨረሻውን ፈተና የወደቀ ሁለት ጊዜ መድገም ይችላል፤ ከጠየቀ ውሉ እስከሚቀጥለው ፈተና፣ ቢበዛ አንድ ዓመት፣ ይራዘምለታል። ከመምጣቱ በፊት ስድስት ወር ጨምሮ ቀጣዩን ደረጃ ቢ2ን ቢይዝ ከዚህ ሁሉ ይድን ነበር።

ሀገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ያለው ልጅም ለሲኦሲ (ለሙያ ብቃት ምዘና) ይቀመጥ፣ ለጀርመን ያመልክት፣ የሠራውን የሚያሳይ ነገር በእጁ ቢኖር ይጠቅመዋል። አንድ ደብተር ይግዛና ዛሬ ይጀምር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜካኒኩ ይፈርምበት። «ሰኞ፦ የአይሱዙ የዲናሞ ኩሺኔታ ተቀየረ። አሮጌው መሮጫው ላይ ጉድጓድ ነበረው። አዲሱ በቱቦ ገባ፣ በውስጠኛው ቀለበት።»