ወሎን አብሮ መብላት የሚያስተምር ደብዳቤ

ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ደሴ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ ከየኪሳቸው አዋጥተው ያሰቡትን የቅበላ ምሳ በደብዳቤ ከልክሏል። ብክነት ነው ይላል፤ የሥራ ሰዓት ይሻማል ይላል፤ ሙስሊም ባልደረቦችን ያገላል ይላል። ምሳ የሚበላው በምሳ ሰዓት ስለሆነ የሰዓቱን ነገር እንተወው። የመጨረሻው ግን ደም ያፈላል።

ደሴ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው ለመሆኑ ጎረቤት አለው? እዚህ ከተማ ድግስ ሲደገስ ሁለት ዓይነት ሥጋ እንደሚሰናዳ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ለክርስቲያኑ ክርስቲያን፣ ለሙስሊሙ ሙስሊም ያርዳል። ቢላዋው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው ሁሉ ለየብቻ ነው። ዳሱ ግን አንድ ነው፤ ቡናውም አንድ ላይ ይጠጣል። ለዚህኛውም ምሳ ቢሆን ከበሬው ቅርጫ ሌላ የበግ መዋጮ ተሰብስቧል፤ አራጁንና አብሳዩን የመረጡት ራሳቸው ሙስሊሞቹ ባልደረቦች ናቸው። ታዲያ ተገለልኩ ብሎ አቤት ያለው ማን ነው? ደብዳቤው አይናገርም፤ ሊናገርም አይችልም፤ እንዲህ ያለ ሰው የለምና! ንጉሥ ሚካኤል በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር ያበሉበት ከተማ ገበታ እንዴት እንደሚዘረጋ ከቢሮ ትእዛዝ አይማርም።

ጾሙስ ቢሆን መቼ ለየን? በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን የካቲት 22 ተከተለ። በአንድ ግቢ አንዱ ለ55 ቀን ሥጋና ቅቤ ትቶ፣ ሌላው ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃ ሳይቀምስ አብረው ከረሙ።

ብክነት የተባለውም ቅበላን ካለማወቅ የመጣ ነው። ቅበላ ቤቱን ከፍስክ የሚያራግፉበት ወቅት ነው። ከነነዌ ጾም በኋላ ባሉት ቀናት ማሰሮው ሥር የቀረችው ቅቤ ለዶሮ ወጡ ትገባለች፣ የተጠራቀመው እንቁላል ይቀቀላል፣ ከእርጎው አይብ ይወጣል። እሑድ ማታ እናቶች ድስቱን በአመድና በፈላ ውኃ ፈትገው ያጥባሉ፤ ሰኞ ሽሮው ላይ የቅቤ ቅባት ብልጭ ቢል ጾሙ ተገደፈ ማለት ነው። የሚበላሸውን ከመበላሸቱ በፊት ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለተቸገረ ማካፈል በየትኛው ሒሳብ ብክነት ይባላል? የተጣሉትም የሚታረቁት በዚሁ ገበታ ነው፤ ቂም ይዞ መጾም ዋጋ እንደሌለው ካህናቱ ሁልጊዜ ያስተምራሉ።

በቅበላ ሰበብ የሚሰክር የለም አልልም። ሰካራም ግን ሠርግ ላይም ይሰክራል፤ ሠርግን በደብዳቤ የከለከለ መሥሪያ ቤት እስካሁን አልሰማንም።

ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ምሳው የታሰበው ለሐሙስ ነው፤ ሁዳዴ ሳይገባ የቀረው ሐሙስም አንድ ብቻ ነው። ደብዳቤው ዛሬውኑ ይነሣ። ኃላፊውም ይምጡና ከሁለቱ ድስት ከየትኛው እንደሚበሉ ይንገሩን፤ ቦታ ይያዝላቸዋል።