ይድረስ ለክቡር ችካል ቁጥር 17

አዳማ፣ ከኮረብታው ሥር፣ ከባጃጅ መዞሪያው አለፍ ብሎ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከግራ እግሬ አውራ ጣት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አንቱ ልልህ ነበር። በሰፈራችን ካለው ሰው ሁሉ ሥልጣንህ ይበልጣል። ግን ሐሙስ ጠዋት አንድ ውሻ እግሩን ሲያነሳብህ በዓይኔ አየሁ። አንተም ዝም አልክ። ከዚያ ወዲህ አንቱታው ከአፌ አልወጣ አለኝ። ይቅርታ።

መጀመሪያ የራሴን ክስ ላሰማ። ማክሰኞ ማታ መብራት የለም። በአንድ እጄ ሁለት ኪሎ ቲማቲም፣ በሌላው ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዤ ወደ ቤቴ እወጣለሁ። መንገዱን እግሬ ያውቀዋል፤ ዓመታት ተመላልሼበታለሁ። አንተን ግን አያውቅህም። ጠዋት ስወጣ አልነበርክም፤ ማታ ስመለስ አለህ። ቲማቲሙ ወደ ቦዩ፣ ውሃው ወደ አቧራው፣ እኔ በግንባሬ። ተነስቼ የስልኬን መብራት ሳበራ ክንድ የማትሞላ እንጨት ነህ። አናትህ ቀይ ተቀብቷል። ጎንህ ላይ 17 ተብሎ ተጽፏል። ለቲማቲሙ ይቅር ብዬሃለሁ። ለውሃው ግን ይቅርታ የለኝም፤ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው።

በማግስቱ ጎረቤት ጠየቅሁ። ሦስት ወጣቶች ቢጫ ሰደርያ ለብሰው፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተሸክመው መጥተው ነበር አሉ። "ምንድን ነው?" ሲባሉ "ጥናት ነው" ብለዋል። "የምን ጥናት?" ሲባሉ "እኛ መለካት ብቻ ነው" ብለዋል። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። እኔም በሥራ ቦታዬ ስጠየቅ የምለው ይህንኑ ነው።

ቀስ ብሎ ወሬው ተሟላ። ለካ ምክር ቤቱ ኮረብታውን ወደ ከተማው ለማካለልና ለመኖሪያ ቤት ለማዋል እየመከረበት ኖሯል። እየመከረበት ነው፤ ገና አልወሰነም። ይህን ሦስት ሰው በተለያየ ቀን ነግሮኛል፤ ሦስቱም "ገና" የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርገው ነው የሚናገሯት። ታዲያ ምክሩ ገና ወንበር ላይ እያለ አንተ ምነው ሁለት ስንዝር መሬት ውስጥ ገባህ? ሽማግሌ ሳይላክ ልጅ ክርስትና ሲነሳ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አሁን አየሁ።

ደላላው ደግሞ ከአንተም ይቀድማል። ጀበና ቡናው ጋ የሚቀመጡት ልጆች ቋንቋቸውን ከቀየሩ ሰነበቱ። ድሮ "ከመስጊዱ ጀርባ"፣ "ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት" ነበር የሚሉት። አሁን "ከችካሉ በላይ" እና "ከችካሉ በታች" ሆኗል። ከችካሉ በላይ ውድ ነው። ለምን ስላቸው "ቪው አለው" አሉኝ። ልክ ነው፣ ቪው አለው። ከላይ ቆመህ ስታይ ከተማው ከነአቧራው እጅህ ላይ ነው። በሩቁ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይሽከረከራሉ። ቻይኖቹ እነዚያን ምሰሶዎች እዚያ የተከሉት ነፋስ ስላለ መሆኑን ግን ደላላው አይነግርህም። ልብስ አስጥቶ የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ ይናገር ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፤ እኔም ዋጋ ጠይቄያለሁ። ተከራይ ነኝ። አከራዬ በየስድስት ወሩ በር ታንኳኳለች። ስታንኳኳ "ቡና ጠጡ" ልትል እንዳልሆነ ከአንኳኳቷ አውቃለሁ። አዳማ ቤት ያስፈልጋታል፤ ይህን የሚክድ ሰው ኪራይ ከፍሎ አያውቅም ማለት ነው። ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ለምሳ መጥቶ ቦታ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ጠቤ ከቤት ጋር አይደለም። ጠቤ ከአንተ ጋር ነው፤ ያውም ከቆምክበት ቦታ ጋር።

የቆምክበትን ቦታ ታውቀዋለህ? የከተማዋ ስም "አዳሚ" ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ ቁልቋል ማለት ነው። (አከራዬ እስከ ዛሬ ናዝሬት ነው የምትለው፤ እሷን ተዋት።) ቁልቋል ደግሞ በአገራችን አጥር ነው፤ የገበሬ ድንበር። ያለ ቀለም፣ ያለ ቁጥር ይቆማል። ሥር አለው፤ ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ይይዛል። አንተ ድንበር ነኝ ብለህ በቦታው ቆምክ፤ ሥር ግን የለህም።

ከአንተ በላይ አንድ አባት ጤፍ ይዘራሉ። ባለፈው ሳምንት ፍየል ፍለጋ ወርደው በአንተ አጠገብ ተገናኘን። ስለ ካሳ የሰሙትን ነገሩኝ። ሕጉ ተሻሽሏል፣ አልዋሽም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የዓመት ገቢውን 10 እጥፍ ይል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው 1161 ደግሞ ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው። እሳቸው ቁጥሩን በጣታቸው ቆጠሩት። ሦስት ጊዜ አምስት። ከዚያ "የሚመጣው ሰውዬስ ስንት ዓመት ይሰጡታል?" ብለው ጠየቁኝ። በሊዝ አዋጁ፣ በ721/2004፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው አልኳቸው። ጣታቸውን አዩ። ቆጠራውን ተዉት። ፍየሏ እንዳትጠፋባቸው ሄዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ውሃ ነው።

በዚህች ከተማ ውሃ ሁለት ጠባይ አለው። ስትፈልገው አይወጣም፤ ሳትፈልገው ይወርዳል። መጀመሪያ ስለማይወጣው። ውሃችን ከአዋሽ ነው የሚመጣው፤ አዋሽ ደግሞ ከእኛ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከተማው ድረስ እንኳ በፓምፕ ተገፍቶ ነው። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ በገፋኸው ቁጥር አንድ ባር ያህል ግፊት ይበላል። ኮረብታችን ከመንገዱ 60 ሜትር ይነሳል እንበል። ገና ቧንቧ ሳይከፈት ስድስት ባር ሄደ ማለት ነው። እኔ እታች ሆኜ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቅቼ፣ ቧንቧዬ "ጭጭጭ" ብሎ አየር ሲተፋ ነው የምሰማው። አናቱ ላይ የሚኖረው ሰው ያንን ድምፅ እንኳ አይሰማም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የሚወርደውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። አዳማ ኮረብታ የከበባት ጎድጓዳ ሳህን ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሳህኑ ውስጥ መረቅ ይሞላል፤ መሃሉ ላይ እኛ አለን። ባለ ሱቆች በማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልተው በር ላይ ይደረድራሉ። ባጃጅ ሒሳብ እጥፍ ይሆናል፤ ኋላም "አልገባም" ይልሃል። ጎርፉ ሲያልፍ መንገዱ ላይ አመድ የመሰለ አፈር ይተዋል፤ ያ አፈር ሲደርቅ አቧራ ይሆናል፤ አቧራው ሳንባችን ውስጥ ይገባል። ኮረብታውን በዓመት ትንሽ ትንሽ እየተነፈስነው ነው።

እስኪ አብረን እናስላ፤ ቁጥር ያለህ ሰው ነህ። 100 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000 ሊትር ውሃ ነው። 150 ጀሪካን። አንድ ጥሩ የነሐሴ ዝናብ፣ ለአንድ ቤት። 500 ቤት ቢሆን 75,000 ጀሪካን ነው፤ መንገዱንና ግቢውን ሳንቆጥር። ዛሬ ያ ቦታ ሣርና ግራር ነው፤ ከዝናቡ ጥቂት ይጠጣል፣ የቀረውን ያዘገየዋል። ቆርቆሮ አይጠጣም። አስፋልትም አይጠጣም። አፈሩ ደግሞ የጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈው ነው፤ ቀላል፣ እንደ አመድ የሚቦን። አንተ በሁለት የመዶሻ ምት ሁለት ስንዝር የገባኸው በጉልበትህ እንዳይመስልህ። ውሃም እንዲሁ ነው የሚገባበት።

ስለ ኮረብታው ነዋሪው በተጠራበት ስብሰባ ላይ ይህን ሊያነሱት የሞከሩ ነበሩ። ስብሰባው ለሁለት ሰዓት ተኩል ተጠርቶ አራት ከሩብ ላይ ተጀመረ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው። ግድግዳው ላይ ሥዕል ታየ። ሥዕሉ ላይ ኮረብታው አረንጓዴ ነው። ቤቶቹ ነጭ ናቸው። እያንዳንዱ ቤት መዋኛ አለው፤ እመነኝ፣ ሰማያዊ መዋኛ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?" አሉኝ። "ውሃ ነው" አልኳቸው። "የት ያለ?" አሉ። መልስ አልነበረኝም።

አንድ ሰው እጁን አውጥቶ "ጎርፉስ?" አለ። "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እንደ ግብዓት እንወስደዋለን" ተባለ። ሌላው ተነሳና "ቦዩ ከቤቱ በፊት ይሠራል ወይስ በኋላ?" አለ። "በዚህ ላይ አቅጣጫ ተቀምጧል።" የት እንደተቀመጠ ግን ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ለተሳታፊ የታሸገ ውሃ እየታደለ ነበር። ሁለት ወሰድኩ። ፍረድብኝ።

እና አንድ ነገር ልለምንህ። ወንድሞችህን ሰብስብ፤ ከ1 እስከ 40 ናችሁ ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚህ ከእግር መንገዳችን ተነሱና ወደ ፈፋው ሂዱ። ውሃው ራሱ በየክረምቱ የሚወርድበት ሦስት ፈፋ አለ፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ግራና ቀኙን ይዛችሁ ቁሙ። "እዚህ ቤት አይሠራም" በሉ። አናቱ ላይ፣ ቀጥ ያለው ዳገት ላይ፣ ሌሎቻችሁ ቁሙና "ይህ ለእርከንና ለግራር ነው" በሉ። ከዚያ በኋላ የተረፈው፣ ዳገቱ ለዘብ ያለው፣ ለቤት ይሁን። ምናልባት እኔም አገኝ ይሆናል። ያኔ ብታደናቅፈኝ እንኳ ተነስቼ አመሰግንህ ነበር። እናንተ ግን የመሬቱን ዳር ዳር ብቻ ነው የያዛችሁት። ሦስቱም ፈፋ ውስጣችሁ ቀርቷል፤ አንዱ ላይ እንደውም "ኮርነር ነው" እየተባለ ዋጋ ተቆርጦለታል።

እንደማትመልስልኝ አውቃለሁ። የተተከለው አካል ሁሉ መልስ አይሰጥም፤ የተቀመጠውም አቅጣጫ እንዲሁ ነው። ግን ደብዳቤው በእጅህ ይኑር። ሐምሌ ሲመጣ ቤቴን ታውቀዋለህ፤ ከአንተ ቁልቁል አራተኛው ነው፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር። ጎርፉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው እዚያ ነው፤ ከአከራዬም ይቀድማል።

አክባሪህ፣
የአውራ ጣቱ ባለቤት

ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ልለጥፍብህ ስወጣ በቦታህ የለህም። ደነገጥኩ። ለካ እኚያ ጤፍ የሚዘሩት አባት ፍየሏ ስላስቸገረቻቸው ጠዋት አንተ ላይ አስረዋት ኖሯል። ችካል አይደለህ? ፍየሏ ነቅላህ፣ አንተን እየጎተተች፣ ጤፉ መሃል ገብታ አገኟት። አባትዬው በጣም ነው ያፈሩት፤ "የመንግሥት ዕቃ ነው" እያሉ በድንጋይ መልሰው ቀጠቀጡህ። የቀድሞ ቦታህን በደንብ አላስታወሱትም። እኔ ሳየው ወደ ላይ 20 እርምጃ ያህል ፈቀቅ ብለሃል።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው አጠገብህ ቆመው ፎቶ አነሱ። ደላላው "ከችካሉ በታች ነው" እያለ ዋጋ ቀነሰላቸው።