እግሩ ከመቆረጡ በፊት ደም ስሩ ይታይ

የስኳር ሕመምተኛ ነው እንበል። አውራ ጣቱ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች። ጫማ ነው የላጠኝ ብሎ ተዋት። ቁስሏ ግን አልሽር አለች፤ ሳምንታት አልፈው ጣቱ ጠቆረ። በመጨረሻ "ይቆረጥ" ተባለ።

መቁረጥ ሕይወት የሚያድንበት ጊዜ አለ። ኢንፌክሽኑ ሲስፋፋ ፋታ አይሰጥም። ፋታ እያለ ግን፣ ወደ እግሩ ደም የሚወስደው ስር ተዘግቶ እንደሆነ ማንም ሳያየው እግር መቁረጥ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ከጉልበት በታች ደም የሚያደርሱት ዋና ዋና ስሮች ሦስት ናቸው፤ ስፋታቸው ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ በብሽሽት በኩል ገብቶ፣ በኤክስሬይ እያየ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሽቦ በተዘጋው ቦታ ያሾልካል። ሽቦው ካለፈ ፊኛ ይከተለዋል፤ ሲነፋ መንገዱ ይከፈታል። ከላይ አላልፍ ካለ፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ተበስቶ ከታች ወደ ላይ ይሞከራል። ብዙ ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልገውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ውስጥ ቻርልስ ዶተር የተባለ ሐኪም እግሬን አላስቆርጥም ያሉ የ82 ዓመት አሮጊትን ጭን ላይ የጠበበ ደም ስር በካቴተር፣ ማለትም ደም ስር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ከፈተላቸው። እግራቸው ተረፈ።

"እንደገና ይዘጋል እኮ!" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ከጉልበት በታች በወራት ውስጥ መልሶ የሚጠበው ብዙ ነው። ግን ቁስል ለመዳን የሚፈልገው ደም፣ የዳነ ቆዳ ለመኖር ከሚፈልገው ይበልጣል። ቁስሉ እስኪሽር ክፍት ከቆየ፣ በኋላ ቢጠብ እንኳ እግሩ ሊተርፍ ይችላል። ይህን ከንቱ ልፋት ማለት ይከብደኛል።

ፊኛ ለሁሉም ይሁን እያልኩም አይደለም። በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ከራሱ እግር ጥሩ የደም መልስ ስር ለሚገኝለት ሰው ያንን ስር ቀጥሎ ደሙ የተዘጋውን ቦታ ዞሮ እንዲያልፍ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና (ባይፓስ) እንደሚሻል አሳየ። በ2023 የወጣው ሌላው፣ ከጉልበት በታች ላሉት ስሮች፣ በካቴተር መጀመርን ደገፈ። እንግዲህ በሽተኛው እየታየ ይወሰን።

ቤተሰብ ግን አንድ ጥያቄ ይያዝ፦ የእግር ጣቱ የደም ግፊት ተለክቷል ወይ? ቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ መለካት የስኳር ሕመምተኛን ሊያታልል ይችላል። ስሩ በካልሲየም ስለሚደድር መለኪያው አይጫነውም፤ እግሩ ደም ተጠምቶ ሳለ ቁጥሩ "ደህና ነው" ይላል።